ከዳሽቦርድ ሥር የተከማቸ ታሪክ

አዲስ አበባ ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ መኪና ዳሽቦርዱ ሲፈታ ከመሪው ሥር የሚወጣው ሽቦ ብዙውን ጊዜ የሁለት መኪና ያህል ነው። ከፊሉ ፋብሪካው የዘረጋው ሲሆን የተቀረው በየጊዜው የተቀጠለ ነው። ከዓመታት በፊት የወለቀ የካሴት ቴፕ ሽቦ፣ መሥራት ያቆመ አላርም፣ ማብሪያው የጠፋ ፎግ ላይት፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የማይታወቅ ቀይ ገመድ አለበት። ናስትሮው በሙቀት ሙጫ ሆኖ እጅ ላይ ይጣበቃል። ባለቤቱ «ይህን ሁሉ ማን ነው የሠራው?» ሲል ኤሌክትሪሺያኑ «ከእኔ በፊት የነበረው» ይላል። ከእሱ በፊት የነበረውም የሰጠው መልስ ይኸው ነበር።

ጥፋቱን በአንድ ባለሙያ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። ሽቦው እንዲህ የተወሳሰበው ግን በብዙ እጆች፣ በብዙ ዓመታት፣ በታክስና በገበያ ግፊት ነው። ማንም ያለፈውን ሳያነሣ የራሱን ጨምሮበት ሄዷል። ይህ ታሪክ ዛሬ መነገር ያለበት ምክንያት አለው፦ እነዚህ መኪኖች ከእንግዲህም ለረጅም ጊዜ አብረውን ይኖራሉ።

መኪና ኢትዮጵያ ሲገባ ሽቦ የሚባል ነገር ብዙም አልነበረውም። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ መኪኖች መብራታቸው በጋዝ ወይም በዘይት የሚነድ፣ ሞተራቸውም በእጅ ማንሻ እየተዞረ የሚነሣ ነበር። ለውጡ የመጣው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ ሲገጠም ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1912 ሞዴል ነው። ማስነሻው ባትሪ ፈለገ፣ ባትሪው የሚሞላው ዲናሞ ፈለገ፣ ባትሪና ዲናሞ ከተገኙ ደግሞ መብራቱና ክላክሱም በኤሌክትሪክ እንዲሠሩ ተደረገ። የመኪና ሽቦ መብዛት የጀመረው ያኔ ነው።

ሙያው ኢትዮጵያ ውስጥ ሥር ሲሰድ ቋንቋውን ያገኘው ከጣሊያኖች ነው። ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ፍሬን፣ ናስትሮ፣ ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ቃላቱ ጋራዥ ውስጥ ቀሩ። ትምህርቱ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሆነ። ረዳት ከዋናው ሥር ዓመታት ተቀምጦ እያየ ይማራል፤ የሽቦ ሥዕል የሚያነብ ሳይሆን ሽቦ የሚያስታውስ ባለሙያ ይወጣዋል።

ለዚያ ዘመን መኪኖች ይህ በቂ ነበር። ታክሲ ሆና የአዲስ አበባን ሕዝብ ያመላለሰችው ፊያት ሴቼንቶም ሆነች ቮልስዋገን በጥቂት ፊውዝና በጥቂት ሽቦ የሚሠሩ ነበሩ። አንድ ጎበዝ ባለሙያ አምፖልና ሁለት ሽቦ ይዞ ከባትሪው ጀምሮ እየተከተለ ብልሽቱ ላይ ይደርሳል። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋና መለዋወጫ ሲወደድ ደግሞ ከአንዱ መኪና ነቅሎ ለሌላው መግጠም፣ የተቃጠለውን ጠቅልሎ መመለስ፣ የሌለውን መፍጠር የሙያው ክብር ሆነ። ያ ትውልድ ላዳዎችን ከታሰበላቸው ዕድሜ በላይ አስኪዷል። ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በችግር ጊዜ የተወለደ ዘዴ ችግሩ ካለፈ በኋላም ልማድ ሆኖ ይቀራል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መንገዱን የሞሉት ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች ናቸው። ጃፓን ውስጥ መኪና ሲያረጅ በየሁለት ዓመቱ የሚደረገው ጥብቅ ምርመራ ወጪው ስለሚከብድ ባለቤቶች ይሸጧቸዋል። ጃፓን በግራ መስመር ስለምትነዳ የአገር ውስጥ መኪኖቿ መሪ በቀኝ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መስመር የቀየረች አገር ናት። ስለዚህ እንደ ቪትስ ያሉ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች እዚህ ከመድረሳቸው በፊት መሪያቸው ወደ ግራ መዛወር ነበረበት፤ ይህ ሥራ የሚሠራበት ዋናው ቦታ ዱባይ ነበር።

መሪ ሲዛወር የሚዛወረው ክብ ጎማው ብቻ አይደለም። ዳሽቦርዱ ይቀየራል፣ ፔዳሎቹ ይሻገራሉ፣ ለፍሬቻ፣ ለመጥረጊያ፣ ለቁልፍና ለፍጥነት መቁጠሪያ የሚሄደው የሽቦ ጥቅል አጭር ይሆንና ይቆረጣል፤ ከዚያም ይቀጠላል። በጥንቃቄ የተሠራ አለ፤ በችኮላ የተሠራም አለ። በችኮላ በተሠራው ላይ ገዢው መኪናውን ገና ሲረከብ ከዳሽቦርዱ ሥር በደርዘን የሚቆጠር ቅጥል ይጠብቀዋል። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ሽቦ ቀለም ሰጥቶታል። ለምሳሌ በቶዮታ ላይ ጥቁር መስመር ያለው ነጭ ሽቦ በአብዛኛው ኔጋቲቭ ነው። ቅጥሉ በተገኘው ቀለም ሲሠራ ግን ይህ ቋንቋ ይጠፋል። ነጩ ከአረንጓዴ ጋር ተቀጥሎ በሌላ በኩል ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ቀጣዩ ባለሙያ የሚያነበው ነገር ስለማያገኝ በግምት ይሠራል።

በዚህ ላይ የየዘመኑ ፍላጎት ተደረበ። በካሴቱ ዘመን ቴፕና ትልልቅ ስፒከር ተገጠመ፤ ከዚያ ሲዲ፣ ቀጥሎ ባለ ስክሪን ሬዲዮ መጣ። ስርቆት ሲበዛ አላርምና ሴንትራል ሎክ ገባ። በጨለማ አውራ ጎዳና ለሚጓዝ ተጨማሪ መብራት ታሰረ። በስልክ ጥሪ የሚሠራ ታክሲ ሲስፋፋ ደግሞ ቻርጀርና ጂፒኤስ ተጨመረ። እያንዳንዱ ዕቃ ሲገባ አዲስ ሽቦ ይዘረጋል፤ ዕቃው ሲወጣ ግን ሽቦው ተቆርጦ እዚያው ይቀራል። የሶማሌ ተራ ሱቆች ዕቃውን ይሸጣሉ፤ አሮጌውን ሽቦ ለማንሣት የሚከፍል ግን የለም።

ጉዳቱ ምንድን ነው? ሒሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ባለ 55 ዋት የፊት መብራቶች በ12 ቮልት 9 አምፒር ገደማ ይስባሉ። ባለቤቱ «ደምቆ ይብራልኝ» ብሎ በባለ 100 ዋት ሲያስቀይራቸው የሚስቡት ወደ 17 አምፒር ይጠጋል። ሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በአምፒሩ ካሬ ስለሆነ በዚያው ቀጭን ሽቦ ላይ ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ላልቶ በተጠመዘዘ ቅጥል ላይ ደግሞ ይብሳል። የሚገርመው መብራቱም እንደታሰበው አለመድመቁ ነው፤ በመንገድ ላይ ቮልቴጁ በአሥር በመቶ ከወረደ የሃሎጅን አምፖል ብርሃን በሲሶ ገደማ ይቀንሳል።

ፊውዝ የተፈጠረው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ፊውዝ ሬዲዮውን ወይም አምፖሉን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ዋና ሥራው ግን ሽቦው እንዳይነድ መጠበቅ ነው። ፊውዝ ሲቃጠል በወፍራም ሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት የሚተካ ሰው ብልሽቱን አላስተካከለም፤ የሚቃጠለውን ነገር ከሳንቲም ዕቃ ወደ መኪናው ቀይሮታል እንጂ። ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ያለ ፊውዝ የተሳበ ሽቦ በላሜራ ቀዳዳ ሲያልፍ ልባሱ ተፍቆ ብረቱን ከነካ የሚያቆመው ነገር የለም። መኪናው ቆሞ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ እንኳ ሊነድ ይችላል።

እሳት ባይነሣ እንኳ ባትሪ ያልቃል። ደህና መኪና ጠፍቶ ሲቆም የሚስበው ከ50 ሚሊ አምፒር አይበልጥም። የተረሳ አላርም ወይም በስህተት የተገናኘ ሬዲዮ ግማሽ አምፒር ቢስብ ባለ 45 አምፒር ሰዓት ባትሪን በአራት ቀን ውስጥ ባዶ ያደርገዋል። ባለቤቱ ባትሪ ይገዛል፤ ከወራት በኋላ ሌላ ይገዛል። ከዚያ ዲናሞ ያስቀይራል። በሽታው ያለው ግን ከዳሽቦርዱ ሥር ነው። በመኪናው እንጀራውን ለሚያበስል ሹፌር ይህ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

«አሮጌውን ሸጦ አዲስ መግዛት» የሚለው ምክር እዚህ አገር አይሠራም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ለማስቀረት ታስቦ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። የውሳኔዎቹ ዓላማ ለብቻው የሚያከራክር ጉዳይ ነው። ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው፦ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ወጣ፣ ባለቤቱም አጥብቆ ያዘው። ፋብሪካው ሲሠራው ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለግላል ብሎ ያላሰበው ሽቦ አሁን ያንን ዕድሜ መሸከም አለበት።

መፍትሔው ምሥጢር የለውም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። ቀጥሎ የሚደረገው መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው፦ ፋብሪካው ያልዘረጋውን እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትሎ፣ ሥራ የሌለውን ከነመነሻው ማውጣት። መሐል ላይ ቆርጦ መተው አሮጌውን ጥፋት መድገም ነው። ከዚያ የተጎዳው የፋብሪካ ሽቦ በተመሳሳይ ውፍረትና ከተቻለም በተመሳሳይ ቀለም ይታደሳል። ቅጥሉ በሶልደር ወይም በትክክለኛ መቆንጠጫ ተጣብቆ በሙቀት በሚጠብ ፕላስቲክ ይሸፈናል፤ ናስትሮ ብቻውን አይበቃም።

በመጨረሻ የሚያስፈልገው ዕቃ ብቻ ይመለሳል። ብዙ ኃይል የሚስብ መብራት በሪሌ ይሠራል፤ ያኔ በማብሪያው በኩል የሚያልፈው ትንሽ ትእዛዝ ብቻ ሲሆን ትልቁ ኃይል ከባትሪው በአጭርና በወፍራም ሽቦ ይሄዳል። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ ይቀመጣል፤ ከሬዲዮው ጀርባ የተቀመጠ ፊውዝ ከባትሪው እስከዚያ ድረስ ያለውን ሽቦ አይጠብቅም። ሽቦ ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ጎማ ይገባል። ኔጋቲቩ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ሳይሆን ተፍቆ በጸዳ ብረት ላይ ይታሰራል።

ይህን የሚያውቁ ባለሙያዎች በከተማው አሉ። ለምን አይሠሩትም? ስለማይከፈላቸው ነው። ደንበኛው የሚከፍለው መብራቱ ሲበራ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ዳሽቦርድ ፈትቶ ሥራ የሌለው ሽቦ ላወጣ ሰው «ምን ሠራህ? ምን ጨመርክ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። በግማሽ ሰዓት ከባትሪ ቀጥታ ስቦ ያበራው ግን «እጁ ፈጣን ነው» ተብሎ ይመሰገናል። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም በአብዛኛው የሚያየው መብራቱ መብራቱን ነው፤ ኤሌክትሪኩ በምን መንገድ እንደደረሰ መጠየቅ አልተለመደም። የሽቦው ውጥንቅጥ የሚቀጥለው እያንዳንዱ ሰው የተከፈለበትን ስለሚሠራ ነው።

ከዚህ መውጫው ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። በምርመራ ጊዜ ኮፈኑ ተከፍቶ ከባትሪው ላይ ያለ ፊውዝ የተሳበ ሽቦ መኖሩን ማየት የደቂቃዎች ሥራ ነው። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ተማሪው ሽቦ መቀጠልን ብቻ ሳይሆን ማውጣትንና የሽቦ ሥዕል ማንበብን እንዲማር ማድረግ ይችላሉ። ባለቤቱም መኪናው ላይ የተጨመረውን፣ ከየት እንደተሳበና ፊውዙ የት እንዳለ በአንድ ወረቀት አስጽፎ ከሊብሬው ጋር ቢያኖር፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ከግምት ይድናል።

ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው ደግሞ በየመንገዱ እየበዙ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ዛሬ አዲስ ናቸው፤ ነገ ግን ያረጃሉ፣ ይሸጣሉ፣ ዕቃ ይጨመርባቸዋል። እነሱም መብራትና ሬዲዮ የሚሠራበት የ12 ቮልት ሽቦ አላቸው። ከእሱ ጎን ግን በብርቱካናማ ልባስ የተሸፈነ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሸከም ገመድ ያልፋል። በ12 ቮልት ላይ የተሳሳተ እጅ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ቢከፋ መኪናውን ያነዳል። በዚያኛው ገመድ ላይ የተሳሳተ እጅ ግን ሰውየውን ራሱን ይገድላል። ሽቦ በግምት የመንካት ልማድ መታረም ያለበት አሁን፣ በአሮጌዎቹ ኮሮላዎች ላይ ነው።