ጓሮና ትምህርት ቤት፦ የአንድ ቃል ፍለጋ

በእንግሊዝኛ «ፋርም ቱ ስኩል» የሚባለው አሠራር ሦስት ነገር ያጣምራል። ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ምሳ የሚሆነውን በአቅራቢያው ካለ ገበሬ ይገዛል፣ በግቢው አትክልት ያለማል፣ ልጆቹም የሚበሉት ከየት እንደመጣና ለሰውነት ምን እንደሚበጅ ይማራሉ። «ከእርሻ ወደ ትምህርት ቤት» ብሎ መተርጎም ስህተት አይደለም፤ ግን የጭነት መኪና መስመር ይመስላል፤ መጥቶ ያራግፋል፣ ይመለሳል። ከሐዋሳ ሆኖ ለሚያየው ደግሞ «እርሻ» ራሱ አሳሳች ቃል ነው። እኔ የምመርጠው «የጓሮና የትምህርት ቤት ትስስር» የሚለውን ነው። የመረጥኩት ለጆሮ ስለሚጥም አይደለም፤ ሻጩ ማን እንደሆነ የሚወስነው ቃሉ ስለሆነ ነው።

ቀድሞ የነበረን ቃል «ምገባ» ነው። ሥሩ «መገበ» በግዕዝ ማብላትም ማስተዳደርም ስለሆነ «መጋቢ» የቤተ ክህነት ማዕረግ ሆኖ ቆይቷል፤ ዛሬ አዲስ አበባ ለተማሪዎች የሚያበስሉትን ሴቶች «መጋቢ እናቶች» ትላለች፣ ደስ የሚል አጠራር ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ምገባ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን ለረጅም ጊዜ የሚቀርበው በአብዛኛው የእርዳታ እህልና አልሚ ዱቄት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በያኔው የደቡብ ክልል፣ ሐዋሳ መቀመጫው በነበረችበት ጊዜ፣ «ሀገር በቀል የትምህርት ቤት ምገባ» ተሞከረ፤ በቆሎና ቦሎቄ ከዚያው ክልል የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መገዛት ጀመረ። ጥምረቱ በምግብነቱም ብልህ ነው፤ በቆሎ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ቦሎቄ ደግሞ አለው። ይህን ሙከራ አቃልዬ አላየውም። ነገር ግን የፈታው የእህልን ጥያቄ ነው። እህል ይከማቻል፣ በኩንታል ይመዘናል፣ መኪና ይጠብቃል። ትኩስ ነገር እንዲህ አያደርግም፤ አዲሱ ቃል የሚያስፈልገውም ለዚህ ለቀረው ክፍል ነው።

የሲዳማ ገበሬ ትኩስ ምግብ የሚያበቅለው ቤቱን ከብቦ ነው። እንሰቱ፣ ጎመኑ፣ ቡናው፣ አቮካዶው በር ላይ ናቸው፤ መሬቱ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ተጠጋግቶ ይበቅላል። እንሰቱን የምትፍቀው፣ አብላልታ ቆጮ የምታደርገው ሴት ናት። «እርሻ» ወይም «ማሳ» ስንል የሚታየን በሬና ሰፊ የእህል መሬት ነው፤ «ጓሮ» ስንል ግን እሷ ትታየናለች። ጎመን ጠዋት ተቀንጥሶ እስከ ቀትር ካልተበሰለ ይጠወልጋል። ቶሎ ሊያደርሰው የሚችለው በሐዋሳ ጥግ፣ በሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ የገጠር ቀበሌዎች፣ ከዚያም አልፎ በወንዶ ገነት ያለ ጓሮ ነው።

ትምህርቱም እዚያው አለ። ነጭና ብርቱካናማ ስኳር ድንች ጎን ለጎን ቢቆረጥ፣ ልጁ የቫይታሚን ኤ ነገር ያለ መጽሐፍ ያየዋል፤ ብርቱካናማውን ያቀለመው ካሮትን ያቀለመው ቤታ ካሮቲን ነው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። በአካባቢው ከሚታወቁት ብርቱካናማ ዝርያዎች አንዱ «ቱላ» ይባላል፤ ከክፍለ ከተማዋ ስም ጋር መግጠሙ ለመምህር የተሰጠ ስጦታ ነው። ሐረጉ መስከረም ላይ በግቢው ቢተከልና ውሃ ካላነሰው፣ የትምህርት ዘመኑ ሳያልቅ ይቆፈራል። የቆጮ ጉድጓድም እንዲሁ የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ኮባ ለብሶ፣ ድንጋይ ተጭኖበት፣ በውስጡ ሲብላላ ሊጡ ለምን እንደሚኮመጥጥ ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ እሱ ያስረዳል።

ተቃውሞ አለ፣ ቀላልም አይደለም። የመጀመሪያው ብዛት ነው፤ ብዙ መቶ ልጅ ያለበትን የከተማ ትምህርት ቤት ጓሮ አይችለውም ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በቆሎና ቦሎቄውን ዩኒየኑ ያቅርብ፣ ጓሮው የሚጠየቀው ከላይ የሚጨመረውን ብቻ ነው። ሁለተኛው ወቅት ነው። በበጋ ጎመን ይሳሳል። እንሰት ግን ዓመቱን ሙሉ ይፈቃል፤ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ግን ለብቻው የልጅ ምሳ አይሆንም፣ ቦሎቄ ወይም ወተት ይፈልጋል። ሦስተኛው «ጓሮ» የሚለውን ቃል ራሱን ይነካል፤ ለመንግሥት ሰነድ ያንሳል፣ «በጓሮ በር» የሚለውንም ያስታውሳል የሚሉ ይኖራሉ። ያንሳል የሚለውን አልቀበልም፤ ቃሉ ቢያንስ ኖሮ «የጓሮ አትክልት»ም ለሰነድ ያንስ ነበር። «በጓሮ በር»፣ ማለትም ከደንብ ውጭ፣ የሚለው ግን ሳላስበው ወደ ዋናው ችግር ይወስደኛል፤ እሱም ደረሰኝ ነው።

ጎመን የምትሸጠው እናት ደረሰኝ የላትም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም እንዲሁ። ርእሰ መምህሩ ያለ ሰነድ ከእሷ ቢገዛ በኦዲት ይጠየቃል፤ ስለዚህ ከነጋዴ ይገዛል፣ ነጋዴው ያመጣው ጎመን ዋለ አደረ ሳይጠየቅ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ የፌዴራል መንግሥት ለትምህርት ቤት ምግብ ከሚመድበው ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻ እንዲገዛ ስታስገድድ፣ ዋጋው ከአካባቢው ገበያ ጋር እስከተመጣጠነ ድረስ ያለ ጨረታ መግዛትንም ፈቅዳለች፤ ከመቶኛው ይልቅ እኔን የሚያስቀናኝ ይሄ ነው። እኛ ዘንድ ደረሰኙን መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቆርጥ ይችላል፤ ሴቶቹ በማኅበሩ በኩል ያስረክባሉ፣ ትምህርት ቤቱ ለማኅበሩ ይከፍላል። የትምህርት ቤቱ የግዢ ቅጽም ትንሽ መለወጥ አለበት። ከኩንታልና ከሊትር ቀጥሎ «ጎመን፣ በእስር» የሚል መስመር ያስፈልገዋል፣ ከጎኑም የተቀነጠሰበት ሰዓት።