ጎልቶ የሚታይ የፈረሰኛ ልብስ

ጎልቶ የሚታይ የፈረሰኛ ልብስ የሚባለው፣ በተሽከርካሪ መንገድ ላይ የሚጋልብ ሰውና የሚጋልበው ፈረስ ከሩቅ እንዲለዩ የሚለበስና የሚታሰር፣ ከፍሎረሰንት ጨርቅና ከአንጸባራቂ ጥብጣብ የሚሠራ ትጥቅ ነው። ለሰውየው ሰደርያ፣ የክንድ ማሰሪያና በራስ ቁር ላይ የሚጠለቅ ሽፋን ሲኖረው፣ ለፈረሱ ደግሞ ከኮርቻው ኋላ ዳሌውን የሚያለብስ ግላስ፣ የደረት ማንገቻ፣ የልጓም ሽፋን፣ የእግር ማሰሪያና የጭራ መጠቅለያ አለው። የትራፊክ ፖሊሶችና የመንገድ ሠራተኞች ከሚለብሱት ሰደርያ ጋር በጨርቁ አንድ ነው፤ የሚለየው ሊደነብር የሚችል እንስሳም አብሮ የሚታጠቀው በመሆኑ ነው። ልማዱ እጅግ የተስፋፋው በብሪታንያ ስለሆነ ይህ መጣጥፍ በዋናነት የዚያን አገር ሕግና ልምድ ይከተላል፤ የተጠቀሱት ዓመታትም እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ ገጠር ለሕዝብ ክፍት ከሆኑት የእግር መንገዶችና የመስክ መተላለፊያዎች መካከል ለፈረስ የተፈቀዱት ከአምስቱ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ናቸው። በዚህ ምክንያት ፈረሰኛው ከጋጣው ተነሥቶ ወደ ተፈቀደው የፈረስ መንገድ ለመድረስ፣ ወይም ከአንዱ የፈረስ መንገድ ወደ ሌላው ለመሻገር፣ መኪና በሚሄድበት አስፋልት ላይ መጓዝ ግድ ይሆንበታል። የገጠሩ መንገድ ብዙውን ጊዜ ጠባብና ጠመዝማዛ፣ ግራና ቀኙም በረጅም የቁጥቋጦ አጥር የተዘጋ ሲሆን፣ የተለየ ምልክት ካልተተከለበት በቀር በሕግ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የመታየት ችግር

ግማሽ ቶን የሚመዝን እንስሳ ለዓይን ይሰወራል ብሎ ማሰብ ይከብድ ይሆናል፤ ነገር ግን ዳማ ወይም ጥቁር ፈረስ በዛፍ ጥላ ሥር ሲያልፍ ከአጥሩ ጥቁረት ጋር ይዋሐዳል፤ የፈረሰኛው ባህላዊ ልብስም ከጥቁር፣ ከቡናማና ከጥቁር ሰማያዊ ስለማይወጣ መሰወሩን ያብሳል። በሰዓት 60 ማይል የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 27 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የብሪታንያ የመንገድ ደንብ መጽሐፍ ሃይዌይ ኮድ እንደሚያስቀምጠው ደግሞ በዚህ ፍጥነት የሚሄድ መኪና ለመቆም 73 ሜትር ይፈልጋል፤ ከዚህም ውስጥ 18 ሜትሩ አሽከርካሪው ያየውን እስኪገነዘብና እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ የሚያልፍ ነው። በ30 ማይል ፍጥነት የመቆሚያው ርቀት ወደ 23 ሜትር ይወርዳል። በእርምጃ የሚሄድ ፈረስ በሰዓት ከ6 ወይም ከ7 ኪሎ ሜትር ስለማይበልጥ፣ ከኋላው የሚመጣ መኪና ርቀቱን የሚያጠበው በራሱ ሙሉ ፍጥነት ነው ለማለት ይቻላል።

ይሁንና አሽከርካሪው ሳይጋጭ መቆም መቻሉ ብቻ አይበቃም። ፈረስ አደጋ ሲሰማው የሚሸሽ እንስሳ ነው፤ ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከጭራው በስተኋላ ያለውን ጠባብ ስፍራ ነው። ከጀርባው በኃይል ፍሬን የያዘ መኪና ሲንቋረር፣ ድምፁን የሰማው ፈረስ ምንጩን ከማየቱ በፊት ወደ ጎን ሊፈናጠር፣ አንዳንዴም ወደ መንገዱ መሐል ሊገባ ይችላል። ስለዚህ አሽከርካሪው ፈረሰኛውን ማየት ያለበት ለመቆም በሚበቃው ርቀት ላይ ሳይሆን፣ ነዳጁን ለቅቆ ያለ ጫጫታ ፍጥነቱን ለመቀነስ ከሚያስችለው ርቀት ላይ ነው። ልብሱ የሚገዛው ይህን ትርፍ ጊዜ ነው። በ30 ማይል ፍጥነት የሚነዳ ሰው ፈረሰኛውን በሦስት ሰከንድ ቀድሞ ቢያይ 40 ሜትር ትርፍ መንገድ ያገኛል፤ በዚያ ርቀት ምን እንደሚያደርግበት ግን ልብሱ ሊወስንለት አይችልም።

ሁለት ጨርቅ፣ ሁለት ብርሃን

ገዢዎች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት ፍሎረሰንቱንና አንጸባራቂውን እንደ አንድ ነገር ሲቆጥሩ ነው። ፍሎረሰንት ቀለም በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውን፣ ለሰው ዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ይውጥና መልሶ በሚታይ ቀለም ያወጣዋል፤ በዙሪያው ካለ ከማንኛውም ተራ ቀለም ይልቅ ራሱ የሚያበራ የሚመስለውም በዚህ የተነሣ ነው። ጥቅሙ በቀን ብርሃን፣ በተለይም ሰማዩ በደመና በተሸፈነበትና ሌሎች ቀለሞች በደበዘዙበት ሰዓት፣ እንዲሁም ጎሕ ሲቀድና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ይጎላል። ከመሸ በኋላ ግን የመኪና መብራት ይህ ነው የሚባል አልትራቫዮሌት ስለማይሰጥ፣ ፍሎረሰንቱ ጨርቅ ከተራ ጨርቅ ብዙም አይሻልም።

አንጸባራቂው ጥብጣብ በተቃራኒው የሌሊት ነው። በላዩ የተነጠፉት እጅግ ደቃቅ የመስታወት ዶቃዎች ወይም ፕሪዝሞች የመጣባቸውን ብርሃን ወደየአቅጣጫው ከመበተን ይልቅ ወደ መጣበት ይመልሱታል። የአሽከርካሪው ዓይን ከመኪናው መብራት ብዙም ስለማይርቅ ጥብጣቡ ለእርሱ ሲንቦገቦግ፣ በመንገዱ ዳር ለቆመ ሰው ግን ግራጫ ክር ሆኖ ይታያል፤ በቀን ደግሞ ለሁሉም ግራጫ ነው። መብራት ካላረፈበት ጥቅም የለውም፤ መታጠፊያ ላይ የመኪናው መብራት ቀጥ ብሎ ወደ አጥሩ ስለሚያበራ፣ ከመታጠፊያው ባሻገር ያለው ፈረሰኛ አንጸባራቂውን ሁሉ ታጥቆም ቢሆን በመጨረሻዋ ደቂቃ ብቻ ሊታይ ይችላል። የራሱ ባትሪ ያለው መብራት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሁለቱ ጨርቆች የተወለዱት በተለያየ መንገድ ነው። ፍሎረሰንት ቀለምን ለገበያ ያበቁት በ1930ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሙከራቸውን የጀመሩት ወንድማማቾች ሮበርትና ጆሴፍ ስዊትዘር ሲሆኑ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀለሙ ለአውሮፕላን ምልክት መስጫ ጨርቅ ውሏል። ብርሃንን ወደ ምንጩ የመመለስ ዘዴ በብሪታንያ መንገዶች ላይ የታወቀው የዮርክሺሩ ፐርሲ ሾ በ1934 የባለቤትነት መብት ባስመዘገበው፣ የድመት ዓይን በተባለው የአስፋልት አንጸባራቂ ነው። በብሪታንያ የደማቁ ሰደርያ ታሪክ የሚነሣው ከባቡር ሐዲድ ነው፤ በ1964 በግላስጎ ከተማ በኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ላይ ለሚሠሩ የሐዲድ ሠራተኞች ብርቱካናማ የፍሎረሰንት ሰደርያ ለሙከራ ታደለ፤ ከእንፋሎት ባቡር ይልቅ ፈጣንና ጸጥተኛ የሆነው የኤሌክትሪክ ባቡር ሳይታሰብ ስለሚደርስባቸው ነጂው ቀድሞ እንዲያያቸው ታስቦ ነበር። ፈረሰኞች ልብሱን የወረሱት ከእነዚህ የሥራ ልብሶች ነው።

የሥራ ልብሱ ኢኤን አይኤስኦ 20471 በተባለ መስፈርት ይመራል። መስፈርቱ ልብሱን እንደ ጨርቁ ስፋት በሦስት ደረጃ ይከፍላል፤ ለከፍተኛው ደረጃ 0.80 ካሬ ሜትር ፍሎረሰንትና 0.20 ካሬ ሜትር አንጸባራቂ ያስፈልጋል፤ የሚፈቅዳቸው የፍሎረሰንት ቀለሞችም ቢጫ፣ ብርቱካናማ ቀይና ቀይ ብቻ ናቸው። ፈረሰኛን ጨምሮ ለሥራ ሳይሆን ለራሱ ጉዳይ መንገድ ለሚወጣ ሰው የሚሠራው ልብስ የሚመዘነው ግን ቀድሞ ኢኤን 1150 በተባለው፣ ከ2020 ወዲህም እርሱን በተካው ኢኤን 17353 መስፈርት ነው። በፈረስ ዕቃ መደብሮች በብዛት የሚታየው ደማቅ ሮዝ ሰደርያ የሥራ ልብሱን መስፈርት የማያሟላውም በዚሁ የቀለም ገደብ ነው። ከሮዝነቱ ይልቅ የሚያሳስበው ምንም የመስፈርት ምልክት የሌለበት፣ ለጌጥ ያህል ጠርዙ ላይ ቀጭን አንጸባራቂ የተሰፋበት ልብስ ነው፤ ደማቅ ቀለም ሁሉ ፍሎረሰንት አይደለምና።

የቀለሙ ምርጫ ከወቅቱና ከአካባቢው ጋር መታየት አለበት። ቢጫው በጥቁር አረንጓዴ አጥር ፊት ጎልቶ ሲታይ፣ በግንቦት የጎመን ዘር ማሳ ቢጫ አበባውን በዘረጋበት መንገድ ላይ ግን ይጠፋል፤ ብርቱካናማውም በመጸው በረገፉና በቀሉ ቅጠሎች መካከል እንዲሁ ነው። ከሰሜን አውሮፓ የዘር ሐረግ ካላቸው ወንዶች ከመቶ ስምንቱ ያህሉ ቀይንና አረንጓዴን ለመለየት ስለሚቸገሩ፣ ለእነርሱ ቀይ ሰደርያ በቅጠል ፊት የሚጠበቀውን ያህል አይጮኽም። ልምድ ያላቸው ጋላቢዎች ሁለት ቀለም ቀላቅለው፣ ቢጫውን ለሰው፣ ብርቱካናማውን ወይም ሮዙን ለፈረሱ ማድረጋቸው ከዚህ አንጻር ብልህነት ነው።

በሰውና በፈረስ አካል ላይ

ትጥቁ የሚገኝበት ቦታ የመጠኑን ያህል ይወስናል። በረጅም አጥር መካከል ከመታጠፊያው ባሻገር ለአሽከርካሪው መጀመሪያ ብቅ የሚለው የጋላቢው ራስ ስለሆነ፣ የራስ ቁሩ ሽፋን በዋጋ ትንሽ ቢሆንም በቀን ከሁሉ ቀድሞ ይሠራል። በሌሊት ደግሞ ተራው የእግር ነው፤ የመኪና አጭር መብራት ወደ መሬት ያጋደለ በመሆኑ ከሩቅ የሚያርፈው በሰደርያው ላይ ሳይሆን በፈረሱ እግሮች ላይ ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ በአውስትራሊያ ጆአን ዉድ፣ በአሜሪካ ሪቻርድ ታይረል በእግረኞችና በብስክሌተኞች ላይ ያደረጓቸው ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በቁርጭምጭሚትና በጉልበት ላይ የታሰረ አንጸባራቂ ደረት ላይ ከተለበሰ አንጸባራቂ ይልቅ ከሩቅ ይለያል፤ የሰው አእምሮ የመገጣጠሚያዎችን ሥርዓት ያለው እንቅስቃሴ ሲያይ ያየው ነገር ሕይወት ያለው ፍጡር መሆኑን ወዲያው ይረዳልና። በአራቱም እግሮች ከሰኮናው በላይ ባለው መገጣጠሚያ ዙሪያ የሚታሰረው ጥብጣብ ይህንኑ ለፈረስ ሊያደርግ እንደሚችል መገመት ይቻላል።

ፈረሱ ይህን ሁሉ ዝም ብሎ አይቀበልም። በነፋስ የሚርገበገብ ግላስ ወይም ጭራው ላይ የተጠቀለለ ልዩ ነገር ራሱ ሊያስደነብረው ስለሚችል፣ አዲስ ትጥቅ መጀመሪያ በግቢ ውስጥ፣ በዝግታ፣ አንድ በአንድ ማለማመድ ያስፈልጋል፤ ማሰሪያዎቹም ከኮርቻውና ከዛቡ ጋር እንዳይጠላለፉ መጥበቅ አለባቸው።

ሕጉ

በብሪታንያ ፈረሰኛ ጎልቶ የሚታይ ልብስ እንዲለብስ የሚያስገድድ ሕግ የለም። በሕግ የታዘዘው በ1990 በወጣው አዋጅ መሠረት ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በመንገድ ላይ ሲጋልብ የራስ ቁር እንዲያደርግ ነው። በ1931 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ሃይዌይ ኮድ ግን በቁጥር 50 ላይ በቀን ነጣ ያለ ወይም ፍሎረሰንት፣ በሌሊትና እይታ በሚቀንስበት ጊዜ አንጸባራቂ ልብስ እንዲለበስ ይመክራል። ቁጥር 51 በሌሊት መንገድ ላይ አለመጋለብ እንደሚሻል ካስታወሰ በኋላ፣ ግድ ከሆነ ጋላቢው አንጸባራቂ እንዲለብስ፣ ፈረሱም ከሰኮናው በላይ አንጸባራቂ ማሰሪያ እንዲደረግለት፣ በፊት ነጭ በኋላ ቀይ የሚያበራ መብራትም በጋላቢው ቀኝ ክንድ ወይም እግር ላይ እንዲታሰር ያሳስባል፤ ቀኝ የተመረጠው በዚያ አገር ተሽከርካሪ በግራ ስለሚሄድ ቀኙ ወደ መንገዱ መሐል የሚያይ ጎን በመሆኑ ነው። ምክሩን መተላለፍ በራሱ ወንጀል ባይሆንም፣ በ1988 የወጣው የመንገድ ትራፊክ አዋጅ በአንቀጽ 38 እንደሚደነግገው፣ ከአደጋ በኋላ በሚነሣ ክርክር ኃላፊነትን ለመወሰን በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል።

በ1947 የተመሠረተው የብሪታንያ የፈረስ ማኅበር ከ2016 ጀምሮ አሽከርካሪዎች በፈረስ አጠገብ እጅግ በዝግታ እንዲያልፉ ዘመቻ ሲያካሂድ ቆይቷል። ጃንዋሪ 29 ቀን 2022 በሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው ደንብም ለአሽከርካሪዎች በቁጥር የተገለጸ መመሪያ ሰጥቷል፤ ፈረስን ሲያልፉ ፍጥነታቸው ከ10 ማይል፣ ማለትም ከ16 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳይበልጥ፣ በመካከላቸውም ቢያንስ 2 ሜትር እንዲተዉ። ይህ ምክር ፈረሰኛው ደማቅ ልብስ መልበስ አለመልበሱን እንደ ቅድመ ሁኔታ አያነሣም፤ በአደጋ ማግስት ውይይቱ ሁሉ ወደ ተጎጂው ልብስ ሲያዘነብል ይህ ነጥብ በቀላሉ ይረሳል።

ምን ያህል ያድናል

በዴንማርክ በ6,793 ብስክሌተኞች ላይ የተደረገውና በ2018 የታተመው ጥናት፣ በዕጣ ተመርጠው ደማቅ ቢጫ ጃኬት የተሰጣቸው ሰዎች ከሌላ የመንገድ ተጠቃሚ ጋር ተጋጭተው የቆሰሉበት አደጋ ካልተሰጣቸው በ47 ከመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ አደጋውን የሚዘግቡት ብስክሌተኞቹ ራሳቸው በመሆናቸው የሚፈጠረው አድልዎ ሲታረም ቁጥሩ ወደ 38 ከመቶ ይወርዳል። ውጤቱ ጠንካራ ቢሆንም የብስክሌት እንጂ የፈረስ አይደለም፤ ብስክሌት አይደነብርም።

መታየት ከመከበር እንደሚለይ የሚያስገነዝብ ጥናትም አለ። የእንግሊዝ ባዝ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረው ኢያን ዎከርና ተባባሪዎቹ፣ አንድ ብስክሌተኛ ልብስ በለዋወጠ ቁጥር መኪኖች ምን ያህል ርቀት ትተው እንደሚያልፉ በለኩበት ሥራ፣ ተራው ፍሎረሰንት ሰደርያ የሚተወውን ርቀት አላሰፋውም፤ ያሰፋው ፖሊስ የሚል ቃል ያለበትና ጉዞው በቪዲዮ እንደሚቀረጽ የሚያስታውቀው ሰደርያ ብቻ ነበር። ከፖሊስ ጋር በፊደል የሚቀራረበውን ፖላይት የሚለውን የትሕትና ቃል በጉልህ የጻፉ፣ የፖሊስ መለያ በሚመስል ሰማያዊና ነጭ ዳማ ያጌጡ ሰደርያዎች በፈረሰኞች ዘንድ መወደዳቸው ለዚህ ይመስላል። ይሁንና በ1996 የወጣው የፖሊስ አዋጅ አንቀጽ 90 ለማታለል በማሰብ ፖሊስ መስሎ መቅረብን ወንጀል ስለሚያደርግ፣ ለባሹ በጥንቃቄ ሊመርጠው የሚገባ ልብስ ነው።

ልብሱ ከንቱ የሚሆንባቸው ሰዓቶችም አሉ። ዝቅ ያለች ፀሐይ የአሽከርካሪውን ዓይን ስትወጋ ፈረሰኛው በየትኛውም ቀለም ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። ጨርቁ ራሱም ያረጃል፤ ፍሎረሰንቱን ደማቅ የሚያደርገው የፀሐይ ጨረር ቀስ በቀስ ያነጣዋል፤ የአንጸባራቂው ዶቃዎችም በእጥበትና በመታጠፍ ብዛት ይረግፋሉ። በመስፈርቱ የተሠራ ልብስ ስንት ጊዜ ሊታጠብ እንደሚችል በምልክቱ ላይ ሊጻፍበት ይችላል፤ በፈረስ እግር የሚታሰረው ጥብጣብ ግን ሁልጊዜ ጭቃ ስለሚለጠፍበት በየጉዞው መጠረግ አለበት፣ ጭቃ የሸፈነው አንጸባራቂ ብርሃን አይመልስምና።