ከአጭር ጽሕፈት እስከ ማውስ፦ በራስ ፍጥነት የመማር ታሪክ

በራስ ፍጥነት መማር፣ ማለትም መምህርና ተማሪ በአንድ ክፍልና በአንድ ሰዓት ሳይገናኙ ተማሪው ትምህርቱን በሚመቸው ጊዜ እየከፋፈለ የሚያጠናቅቅበት ሥርዓት፣ ከኢንተርኔት ጋር የተወለደ ቢመስልም ዕድሜው ከመቶ ሰማንያ ዓመት ያልፋል፤ ከመነሻውም የተቆራኘው ከቢሮ ሙያ ጋር ነበር። እንግሊዛዊው አይዛክ ፒትማን በ1840 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አጭር ጽሕፈትን፣ ይኸውም ንግግርን በፈጣን ምልክቶች የመመዝገብ ሙያን፣ በፖስታ ማስተማር ጀመረ፤ ተማሪዎቹ ልምምዱን ሠርተው ይልኩለታል፣ እርሱም አርሞ ይመልስላቸዋል። ብሪታንያ በዚያው ዓመት ለመላ አገሪቱ ወጥ የአንድ ፔኒ የፖስታ ዋጋ ባትደነግግ ኖሮ ይህ የተልእኮ ትምህርት ለአንድ ተራ ጸሐፊ አቅም የሚመጥን አይሆንም ነበር።

ኮምፒውተር በአስተማሪነት የተሞከረው በ1960 ሲሆን፣ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘርና ባልደረቦቹ ፕላቶ የተባለውን ሥርዓት ሠሩ፤ ማሽኑ ጥያቄ ያቀርባል፣ መልሱን ይመዝናል፣ ተማሪው እስኪገባው ድረስም ሳይሰለች ይጠብቃል። በ1972 የወጣው አራተኛው ፕላቶ በጣት የሚነካ ስክሪን ነበረው። ይህ ቅንጦት ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ማሽኑ ራሱ ለተማሪው ባዕድ በሆነበት ዘመን ጣትን ከመቀሰር ያለፈ ቅድመ ዕውቀት ያልጠየቀው ይህ ንድፍ፣ በኋላ የመጡት ኮርሶች ለረጅም ጊዜ ያልፈቱትን ችግር አስቀድሞ አይቶት ነበር ማለት ይቻላል።

የፒትማን ተማሪ ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት ብዕር መያዝና ማንበብ ያውቃል። ኮምፒውተርን በኮምፒውተር የሚማር ሰው ግን ወደ ትምህርቱ ለመግባት ሊማረው የመጣውን ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ማውስ ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው ስለ ማውስ የሚያስረዳውን ገጽ ሊከፍት አይችልም። በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር የቀረበው ሶሊቴር የተባለው የካርታ ጨዋታ ብዙዎችን በማውስ ዕቃን ይዞ መጎተት እንዳለማመደ ይነገራል፤ እንዲያ ከሆነ፣ በዓለም እጅግ የተስፋፋው ነፃና በራስ ፍጥነት የሚሄድ የኮምፒውተር ትምህርት አለቃ ሲመጣ ይዘጋ የነበረው ጨዋታ ነው።

ችግሩን ከሥሩ የያዘው ተቋም ከዩኒቨርሲቲም ከሶፍትዌር ኩባንያም አልወጣም። ጉድዊል የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በ1902 በቦስተን በሜቶዲስቱ ቄስ ኤድጋር ሄልምስ የተመሠረተ ሲሆን፣ ሄልምስ ከባለጸጎች ያገለገሉ ልብሶችንና ዕቃዎችን እየሰበሰበ ድሆች እንዲጠግኗቸው ያደርግ፣ ከሽያጩም ደመወዛቸውን ይከፍል ነበር። ከአንድ መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የድርጅቱ የምሥራቅ ሰሜን ካሮላይና ቅርንጫፍ፣ ሥራ ፈላጊው ያለ ኮምፒውተር ችሎታ መቀጠር እያቃተው ሲሄድ፣ ነፃ የኦንላይን ትምህርት የሚሰጥ ፋውንዴሽን አቋቋመ፤ የትምህርት ገጹ ጂሲኤፍ ለርን ፍሪ ተባለ። የገጹ ልዩነት የተነሣበት ደረጃ ነው፤ ማውስ እንዴት እንደሚያዝና መቼ አንዴ፣ መቼ ሁለቴ እንደሚጫኑት አስተምሮ ወደ ኪቦርድ፣ ወደ ኢሜይል፣ ወደ ዎርድና ኤክሴል ያልፋል፣ እያንዳንዱንም ክፍል በአጫጭር ጽሑፍ፣ ሥዕልና ቪዲዮ ያቀርባል። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ገጽ የሚከፍትለት ሰው፣ ብዙ ጊዜም የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ከተማሪው አጠገብ መኖሩ ግድ ነበር።

የዩኒቨርሲቲዎቹ ጉዞ ሌላ ነው። ኤምአይቲ የኮርሶቹን ጽሑፍ ለማንኛውም ሰው በነፃ እንደሚከፍት በ2001 አስታወቀ፤ በ2011 ደግሞ የስታንፎርዶቹ ሴባስቲያን ትሩንና ፒተር ኖርቪግ የሰጡት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮርስ ወደ 160,000 ተመዝጋቢዎች ሲያገኝ፣ ከእነዚህ የጨረሱት 23,000 ገደማ ነበሩ። ጋዜጦች ያራገቡት የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን ሁለተኛው ይበልጥ ይናገራል፤ ምክንያቱም ነፃነትና ምቹ ጊዜ በሩን ቢከፍቱም እስከ መጨረሻው የዘለቀው ከሰባት አንድ ያህሉ ብቻ ነው። ትሩን ብዙም ሳይቆይ ዩዳሲቲ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ፤ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በ2017 የጀመረችው የአንድ ሚሊዮን ዓረብ ኮደሮች መርሐ ግብርም ከዚሁ ኩባንያ ጋር የተሠራ ነበር።

ኢትዮጵያ በዚህ መስመር የገባችው ዘግይታ ነው። ዩኒኮድ፣ ማለትም የዓለም ፊደላትን እያንዳንዳቸውን በቁጥር የሚወክለው ስምምነት፣ የግዕዝ ፊደልን ያካተተው በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የየራሱን ኮድ ስለሚጠቀም በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም፤ በዚህ ሁኔታ የአማርኛ ኮርስ በኢንተርኔት ማሰራጨት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። በከተሞች የነበሩት የታይፕ ትምህርት ቤቶች ቀስ በቀስ ለኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች ቦታ ለቀቁ፤ ቤዚክ ኮምፒውተር የሚባለውን ሥልጠና የፈለገ ሰው ከፍሎ፣ ተራ ጠብቆ ይማር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከኤሚሬቶች ጋር በመተባበር ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ትምህርቱን ነፃ አደረገው፤ ነገር ግን የሚያስተምረው ፕሮግራሚንግንና የዳታ ሳይንስን የመሳሰሉ ሙያዎችን በመሆኑ፣ ፋይልና ፎልደር መለየት ለሚቸገረው ጀማሪ የመጀመሪያዋ ደረጃ ዛሬም በአብዛኛው በዚያው በክፍያ ማሠልጠኛ ውስጥ ትገኛለች።