የግራንድ ካንየን መንገድ መሪዎች

አማርኛችን ሁለት ቃል አለው፤ «መንገድ መሪ» እና «አስጎብኚ»። መንገድ መሪ ውኃው የት እንዳለ፣ ገደሉ የት ጋ እንደሚያሳልፍ የሚያውቀው ነው። አስጎብኚ ደግሞ ታሪኩን የሚያወራው፣ ሒሳቡንም የሚቀበለው። ሁለቱ አንድ ሰው ሲሆኑ መልካም ነው። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ሁለቱ ስለተለያዩበት ቦታ ነው፤ አሜሪካ፣ አሪዞና ግዛት፣ ግራንድ ካንየን። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ አላደክማችሁም።)

በመጀመሪያ ስለ ጉዞው ትንሽ ልበል። ግራንድ ካንየን የኮሎራዶ ወንዝ በረሃውን እየቦረቦረ የሠራው ሸለቆ ነው፤ ርዝመቱ 446 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1,600 ሜትር ገደማ ይሆናል። አብዛኛው ጎብኚ አፋፉ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣና ይመለሳል። ወደ ውስጥ መውረድ የፈለገና ብቻውን የማይደፍር ግን ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ቀን የሚፈጅ የእግር ጉዞ ከአስጎብኚ ድርጅት ይገዛል። ፈቃዱን፣ ድንኳኑን፣ ምግቡን ድርጅቱ ያዘጋጃል፤ እንግዳው ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ ይከተላል። ተራራ መውጣት የለመደ ሰው እዚህ ይሸወዳል። ተራራ ላይ ጉልበት ሲያልቅ ቁልቁለቱ ይቀበላችኋል፤ እዚህ ግን ቁልቁለቱ በጠዋቱ ያልቅና ዳገቱ የሚጠብቃችሁ ስትመለሱ ነው፤ ከደከማችሁ በኋላ! ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ከታች ያለው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ጥሩ አስጎብኚ «ውኃ ጠጡ» ብቻ ብሎ አይተውም፤ ጨው ያለው ምግብም እንድትበሉ ይወተውታል፤ ላቡን በውኃ ብቻ ሲተካ የዋለ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ተመናምኖ ሊሞት ይችላልና።

ጋዜጠኝነት ስንማር የመጀመሪያዋ ጥያቄ «ማን?» ነበረች። የእነዚህን ጉዞዎች ማስታወቂያ ስታነቡ የት፣ መቼ፣ ስንት ቀን፣ በስንት ዶላር የሚለው ሁሉ ተሟልቷል። «ይህን መንገድ መጀመሪያ የሄደበት ማን ነው?» የምትለዋ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ትታለፋለች። የእኔ ጽሑፍ ስለዚያች መስመር ነው።

ውኃ በቅል

በ1540 ኮሮናዶ የሚባል የስፔን አዝማች በወርቅ የተሞሉ ከተሞች ፍለጋ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ወርቁን አላገኘም። ትልቅ ወንዝ አለ የሚል ወሬ ሲሰማ ጊዜ ጋርሲያ ሎፔዝ ዴ ካርዴናስ የተባለውን ሹም ከጥቂት ሰዎች ጋር ላከው። የሆፒ ሕዝብ መንገድ መሪዎች ሰጡት፤ ሃያ ቀን ያህል ተጉዘውም ካንየኑ አፋፍ ላይ አደረሱት። በጽሑፍ ከምናውቃቸው አውሮፓውያን ግራንድ ካንየንን መጀመሪያ ያዩት እነዚህ ናቸው፤ እንግዲህ ገና ከመጀመሪያው ቀን በአስጎብኚ የመጡ ጎብኚዎች ነበሩ ማለት ነው።

ስፔኖቹ መውረጃ ፍለጋ ሦስት ቀን አፋፉን ሲያስሱ ከረሙ። ቀልጣፋ የተባሉ ሦስት ሰዎች ለመውረድ ሞክረው መንገዱን ሢሶ ያህል እንደሄዱ ተመለሱ፤ ከላይ ሲታዩ የሰው ቁመት የሚያህሉት ድንጋዮች ቀርበው ሲያዩዋቸው ከሴቪል ከተማ ትልቁ ግንብ እንደሚበልጡም ተናገሩ። ውኃ አለቀ። መሪዎቹም ከዚህ በላይ መሄድ አይቻልም አሉ፤ እነሱ ራሳቸው በዚህ አገር ሲጓዙ ውኃ በቅል የተሸከሙ ሴቶችን ይዘው እንደሚሄዱና ለመመለሻ እንዲሆናቸው ቅሎቹን በየመንገዱ እየቀበሩ እንደሚያልፉ ነገሯቸው። ይህን ዝርዝር ያቆየልን የዘመቻው ጸሐፊ ካስታኜዳ ነው። እስኪ አስቡት፤ ዛሬ በረሃ ለበረሃ የሚጓዝ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በላስቲክ ዕቃ ሆነ እንጂ።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ሆፒዎች ከጥንት ጀምሮ ወደ ካንየኑ ውስጥ እየወረዱ ጨው የሚያወጡበት መንገድ ነበራቸው፤ ሸለቆውም በእምነታቸው ሕዝባቸው ወደዚህ ዓለም የወጣበት ቅዱስ ስፍራ ነው። ታዲያ መውረጃውን እያወቁ ስፔኖቹን ለምን ሦስት ቀን አፋፍ ላይ አንከራተቷቸው? የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠረጥራሉ፤ እኔ ደግሞ ሆን ብለው ነው ባይ ነኝ። ካርዴናስ ባዶ እጁን ተመለሰ። እስከ 1776 ድረስም ከአውሮፓውያን ወገን መጣ የሚባል ሰው የለም።

በ1858 ሻለቃም ኮሎኔልም ያልነበረ አይቭስ የሚባል የአሜሪካ ጦር መቶ አለቃ በእንፋሎት ጀልባ ኮሎራዶን ሽቅብ መጣ። ጀልባዋ መሄድ ሲያቅታት የሁዋላፓይ ሰዎች በእግር ወደ ካንየኑ ወለል መርተው አወረዱት። ከጓዶቹ አንዱ፣ ካርታና ሥዕል የሚሠራው ኤግሎፍስታይን፣ ወደ ሀቫሱፓይ መንደር በሚያወርደው ገደል ላይ በተሠራ የእንጨት መሰላል ሲወርድ መሰላሉ ተሰበረበት። ወታደሮቹ የጠመንጃ ማንገቻቸውን አያይዘው ጎትተው አወጡት! አይቭስ በሪፖርቱ ላይ ይህን ምንም የማይረባ ቦታ ሊያይ የሚመጣ ነጭ ከእንግዲህ አይኖርም የሚል ትንቢት ጻፈ። የዛሬዎቹ ሚሊዮኖች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

በ1869 ደግሞ አንድ ክንዱን በእርስ በርስ ጦርነቱ ያጣው ጆን ዌስሊ ፓውል በ4 ጀልባ 10 ሆኖ ወንዙን ቁልቁል ወረደ፤ መጨረሻው ላይ የደረሱት 6 ናቸው። የፓውል ታሪክ ብዙ ተጽፎበታል፤ እኔ አንዲት ነገር ብቻ ልውሰድ። ከሰሜን በኩል ወደ ኮሎራዶ የሚገባ አንድ የጠራ ጅረት አገኘና «ብራይት ኤንጅል» አለው፤ ብሩህ መልአክ እንደማለት። ወደ ስሙ እመለሳለሁ።

ኬላው

ከካንየኑ ደቡባዊ አፋፍ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ስትወርዱ ምንጭ አለ። በዚያ ምንጭ ዙሪያ የሀቫሱፓይ ሕዝብ አትክልት ነበረው። ሀቫሱፓይ ማለት የሰማያዊ-አረንጓዴው ውኃ ሰዎች ማለት ነው። ሙቀቱ ሲመጣ ወደ ካንየኑ ወርደው በቆሎ፣ ባቄላ፣ ዱባና ኮክ ያለማሉ፤ ቅዝቃዜው ሲመጣ ደጋው ላይ ወጥተው ያድናሉ፣ የዱር ፍሬ ይለቅማሉ። ቆላና ደጋ እየተመላለሰ የሚኖር ሕዝብ መንገድ ያስፈልገዋል። መንገዱ ደግሞ እንደልብ አይገኝም፤ የካንየኑ ግድግዳ አብዛኛው ቀጥ ያለ ገደል ነው፤ መውረድ የሚቻለው መሬቱ ተሰንጥቆ ገደሉን በሰባበረበት ቦታ ብቻ ነው። እነዚያን ቦታዎች አንድ በአንድ ያገኟቸው እነሱና ከእነሱ በፊት የነበሩት ናቸው።

በ1882 መንግሥት ለሀቫሱፓይ የከለለላቸው መሬት 518 ኤከር ነበር፤ 210 ሄክታር ገደማ። እሱም ከካንየኑ ጎን ያለ የአንድ ሸለቆ ወለል ነው። ደጋው ቀረ፤ በምንጩ ዙሪያ የነበረው አትክልትም ከክልሉ ውጭ ሆነ።

በዓመቱ ጆን ሃንስ መጣ። ማዕድን ፈላጊ ነበር፤ አንድ የቆየ የነባሮቹን መንገድ አሰፋና ከማዕድኑ ይልቅ ጎብኚ ማውረድ እንደሚያዋጣ ገባው። የግራንድ ካንየን የመጀመሪያው ባለሙያ አስጎብኚ የሚባለው እሱ ነው፤ ዛሬም በስሙ የሚጠራ መንገድ አለ። ወሬ ይችላል! ካንየኑን የቆፈርኩት እኔ ነኝ እያለ ለልጆች ይተርክ ነበር። ሰው የሚመጣው ግማሹ ለካንየኑ፣ ግማሹ ለሃንስ ነበር ማለት ይቻላል። መንገድ መሪነትና ወሬ ተለያይተው ወሬው ገበያ ላይ የወጣው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ሃንስ ግን ደግ ሰው ነው፤ ራልፍ ካሜሮን ይምጣላችሁ። ከ1890 ጀምሮ እሱና ሸሪኮቹ ወደ ምንጩ የሚወርደውን የሀቫሱፓይ መንገድ ጠርገው አሰፉ፤ ከዚያ በየወሳኙ ቦታ የማዕድን ይዞታ አስመዘገበና ኬላ ዘረጋ። ለመውረድ አንድ ዶላር። የመንገዱም ስም ፓውል ከሰየመው ጅረት ተወስዶ «ብራይት ኤንጅል» ተባለ። በ1901 ባቡር አፋፉ ድረስ ሲገባ የካሜሮን ኬላ የወርቅ ማዕድን ሆነ፤ እውነተኛው ወርቅ ባይኖርም። የባቡር ኩባንያውና ሸሪኩ ፍሬድ ሃርቪ ኩባንያ እንግዶቻቸውን በበቅሎ የሚያወርዱበት ሌላ መንገድ በ1911 ሠሩ፤ ከታችም የድንኳን ማደሪያ አቆሙ። ብሔራዊ ፓርኩ በ1919 ተቋቋመ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1920 የካሜሮን ይዞታ ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ፤ እሱ ግን ሴናተር ሆኖ ተመረጠና ከዋሽንግተን ሆኖ ፓርኩን ማስጨነቁን ቀጠለ። ፓርኩ ኬላውን ለመሸሽ በ1924 እና 1925 ደቡብ ካይባብ የሚባለውን መንገድ ሠራ። ዛሬ አስጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ እንግዳን በደቡብ ካይባብ አውርደው በብራይት ኤንጅል ያወጣሉ፤ ካይባብ ላይ ውኃ የለምና። መንገዱ የተሠራው ኬላ ለመሸሽ ነው፤ ሀቫሱፓዮች ግን የሄዱት ውኃ ተከትለው ነው። ልዩነቱን እግር ያውቀዋል።

ወደ 1928 ልውሰዳችሁ። በዚያ ዓመት ሦስት ነገር ሆነ።

አንደኛ፣ ብራይት ኤንጅል መንገድ በፓርኩ እጅ ገባ፤ ኬላው ተነሣ። ሁለተኛ፣ የኮሎራዶን ወንዝ በእግር የሚያሻግረው ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። የድልድዩ ዋና ዋና ገመዶች እያንዳንዳቸው አንድ ቶን ያህል የሚመዝኑ ብረቶች ነበሩ፤ በቅሎ አይችላቸውም። ስለዚህ 42 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሀቫሱፓይ፣ በአንድ ረድፍ ተሰልፈው እያንዳንዱን ገመድ በትከሻቸው ተሸክመው በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት እስከ ወንዙ አወረዱት። ሦስተኛ፣ በዚያው ዓመት፣ በምንጩ ዙሪያ የቀረውን የመጨረሻውን ሀቫሱፓይ ነዋሪ፣ ካፒቴን ቡሮ የሚባለውን ሰው፣ የፓርኩ አስተዳደር ከቦታው አስወጣው።

ሦስቱን በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ ያየኋቸው መጻሕፍት የሉም፤ ለየብቻ ናቸው። ኬላው በፓርኩ ታሪክ፣ ድልድዩ በምሕንድስና ታሪክ፣ ካፒቴን ቡሮ ደግሞ በነባሮቹ ታሪክ። (የስሜን ተራሮችን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ጋ የጊች መንደር ትዝ ሊለው ይችላል፤ እሱን ለሌላ ቀን ላቆየው።) ከቡሮ በኋላ ቦታው «ኢንዲያን ጋርደን» እየተባለ ቀጠለ፤ ባለአትክልቶቹ ከሄዱ በኋላ የመጣ የድንኳን ማደሪያ።

በእግር መሄድ እንደገና

ለብዙ ዓመታት መደበኛው ጎብኚ በበቅሎ ነበር የሚወርደው። በእግር ለቀናት የሚሄዱት ጥቂት ነበሩ፤ ከእነሱ ዋናው ሃርቪ ባቸርት ነው፤ ፍላግስታፍ ከተማ ሒሳብ የሚያስተምር ፕሮፌሰር። ከ1945 ጀምሮ ዕድሜውን ሙሉ ካንየኑ ውስጥ ሲራመድ ኖረ። በ1963 ኮሊን ፍሌቸር የሚባል የዌልስ ተወላጅ የባቸርትን ምክር ይዞ የያኔውን ፓርክ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ሄደ፤ ሁለት ወር ፈጀበት። ስንቅና ውኃ አስቀድሞ መንገድ ላይ ደብቆ ነበር። ቅሎቹን አስታወሳችሁ? የተነሣውም ከሀቫሱፓዮቹ መንደር ከሱፓይ ነው። በ1968 የወጣው መጽሐፉ ወጣቱን ሁሉ ሻንጣ አሳዘለው፤ ዛሬ የምናየው የብዙ ቀን የእግር ጉዞ ገበያ ብዙው የዚያ መጽሐፍ ልጅ ነው። ፓርኩም ፈቃድ እየቆጠረ መስጠት ጀመረ፤ አሁን በበረሃው ውስጥ የሚያድር አንድ ቡድን ከ11 ሰው መብለጥ አይችልም።

ሀቫሱፓዮች ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1975 መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንት ፎርድ በፈረሙት ሕግ 185,000 ኤከር፣ ወደ 75,000 ሄክታር ገደማ ደጋ ተመለሰላቸው። የምንጩ ቦታ ግን በፓርኩ ውስጥ ቀረ። በ2022 የአገሪቱ የቦታ ስሞች ቦርድ «ኢንዲያን ጋርደን» የሚለውን ስም ሠርዞ «ሀቫሱፓይ ጋርደንስ» አለው። ስም ብቻ ነው፤ መሬት አይደለም። አንዳንዱ «ምን ይጠቅማል?» ሊል ይችላል። እኔ ግን የሚጠቅም ይመስለኛል፤ አስጎብኚው እንግዶቹን ምንጩ ጋ ሲያሳርፍ ስሙን መጥራቱ አይቀርም፤ ስሙን ከጠራ ደግሞ «እነሱ እነማን ናቸው? የትስ ሄዱ?» የሚል አንድ ሰው ከ11ዱ አይጠፋም።

የት እንዳሉ ግልጽ ነው። ሱፓይ መንደር መኪና አይገባም፤ 13 ኪሎ ሜትር በእግር፣ በበቅሎ ወይም በሄሊኮፕተር ነው፤ ፖስታቸውም እስከ ዛሬ በበቅሎ ይመጣል። ከመንደሩ ዝቅ ብሎ ያሉት ሰማያዊ ፏፏቴዎች በየኢንተርኔቱ የምታዩዋቸው ናቸው። ወደዚያ የሚወስዱ አስጎብኚ ድርጅቶች ብዙ ነበሩ። በ2019 የሀቫሱፓይ ምክር ቤት የድርጅቶቹን ፈቃድ አቆመ፤ ማደሪያው በቀጥታ ከእነሱ ብቻ የሚያዝ ሆነ፤ ሦስት ሌሊት፣ አራት ቀን። በኮሮና ምክንያት በ2020 በሩን ዘግተው በየካቲት 2023 ሲከፍቱትም የሚጠየቁት እነሱው ናቸው።