በኪራይ የተጓዝንባቸው፦ የወደድናቸውና የጠላናቸው

የበዓላት ወራት ሲቃረቡ ከአዲስ መጪ ቤተሰቦች ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ አለ፦ «ለጉዞ የትኛውን መኪና ብንከራይ ይሻለናል?» ጥያቄው የዛሬ ይመስላል እንጂ አባቶቻችንም በሌላ መልኩ ሲጠይቁት የኖሩት ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ከታሪኩ ልንጀምር ወደድን። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጎንደር ገጠር መጀመሪያ የተከራየነው በቅሎ ነበር። ራቅ ካለ አገር ሠርግ ሲጠራን ወይም መርዶ ሲመጣ፣ የራሱ በቅሎ የሌለው ሰው ይዋሳል ወይም ይከራያል። ምርጫውም የታወቀ ነበር፤ ሰጋሯ ትወደዳለች፣ ደንባራዋ ትጠላለች። ተሳፋሪው ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ጌጧን የሚያይ የለም፤ ቁልቁለት ላይ ረግታ መውረዷ ነበር የሚጠየቀው።

ጣልያን ከ1936 እስከ 1941 በቆየበት ዘመን ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ አልፎ የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ የሚወርደውን መንገድ ሠራ። ከዚያ ወዲህ የጭነት መኪናው ሰውም ማመላለስ ጀመረ። በኋላ የመጣውን ፊያት፣ «ኤንትሬ» እያልን የምንጠራውን፣ በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን ያስታውሱታል። ገንዘብ ያለው ጋቢና ይቀመጣል፤ የሌለው የእህል ጆንያው ላይ ይወጣል። በጉልበቱ ይመሰገን ነበር፤ አቧራውንና ብርዱን ግን ያመሰገነ የለም። ላንድ ሮቨር ወንበሩ ወገብ የሚሰብር ቢሆንም መንገድ በሌለበት ይገባል። በሽተኛ ሐኪም ቤት ለማድረስ ላንድ ሮቨር ኮንትራት የያዘ ሰው ስለ ወንበሩ አላማረረም።

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኘው ወለቃ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። ወደ ስሜን ተራሮች የሚያልፉ የውጭ አገር ጎብኚዎች የተከራዩትን መኪና እዚያ አቁመው፣ ሴቶቻችን የሚሠሩትን የሸክላ ምስል ይገዙ ነበር። ከእኛ ብዙዎቹ የጎብኚ መኪናን መጀመሪያ ያየነው እንዲህ ከውጭ ሆነን በመስኮቱ በኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወደ እስራኤል ለመምጣት በ1990 እና በ1991 አዲስ አበባ ሲጠባበቁ የቆዩት ደግሞ ከከተማው ታክሲ ጋር ተዋወቁ፤ ሰማያዊና ነጭ ከተቀባችው ትንሿ ፊያት «ሰይቼንቶ»፣ እንዲሁም ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት ተያይተው ስለሚቀመጡበት «ውይይት» ከተባለው ፔዦ ጋር።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ሀዳር ሃካርሜል የተራራ ወገብ ላይ ያለ ሰፈር ነው፤ ከወደቡ ሽቅብ ነው፣ ከዚህ ወደ ካርሜል አናትም እንደገና ሽቅብ ነው። ከ1959 ጀምሮ ካርሜሊት የምትባለው የመሬት ውስጥ ባቡር ከታች ከተማ ተነሥታ በሀዳር በኩል ወደ ላይ ስትወጣ የቆየችውም ስለዚሁ ዳገት ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሃይፋ በራሷ መኪና የምትገጣጥም ከተማ እንደነበረች ነው። በ1951 የአሜሪካውን ካይዘር ኩባንያ መኪኖች የሚገጣጥም ፋብሪካ ተከፈተ። በ1960ዎቹ ደግሞ አውቶካርስ የተባለው የሃይፋ ድርጅት ሱሲታና ካርሜል የሚባሉትን መኪኖች አወጣ። የሱሲታ አካል ከብረት ሳይሆን ከፋይበር ግላስ የተሠራ ስለነበረ «ግመል ይበላዋል» እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ግመል በላ አልበላ እኛ አላየንም፤ አገሬው ግን እስከ ዛሬ ሲያወራው ይስቃል፣ ይናፍቀዋልም።

የእኛን ሰው ልብ የገዛው ግን ሼሩት የሚባለው የጋራ ታክሲ ይመስለናል። በቀድሞው ጊዜ ረጃጅም የአሜሪካ መኪኖች፣ ኋላም ወገባቸው የተራዘመ የናፍጣ መርሴዲሶች ነበሩ፤ ሰባት መንገደኛ ይጭናሉ። ሰባት ማለት እናትና አባት፣ አያትና አራት ልጅ ማለት ነው። በአዲስ አበባ «ኮንትራት» የምንለውን እዚህ «ስፔሻል» ይሉታል፤ መኪናውን በሙሉ ለራስ ይዞ መሄድ ነው። ቤተሰብ ሳይከፋፈል በአንድ መኪና ለቅሶ የሚደርስበት መንገድ ይህ ነበር። በ1990ዎቹ መርሴዲሶቹ ቦታቸውን ለሚኒባሶች ለቀቁ።

ቁልፍ ተቀብሎ ራስ እየነዱ መሄድ ከዚህ የተለየ ልማድ ነው፤ የመጣውም ከሩቅ ነው። በ1918 በአሜሪካ ቺካጎ ዋልተር ጃኮብስ የተባለ ወጣት 12 ፎርድ መኪኖች ይዞ ማከራየት ጀመረ፤ በ1923 ድርጅቱን ጆን ኸርትዝ ገዛው። በ1946 ደግሞ ዋረን ኤቪስ የኪራይ ቢሮን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ አመጣው። ሥራው የተመሠረተው እንግዲህ ሻንጣውን ይዞ ብቻውን ከአውሮፕላን ለሚወርድ ነጋዴ ነው። አምስት ወንበር ለእሱ ይተርፈዋል። አያት፣ አክስት፣ ስድስት ልጅና ድፎ ዳቦ ይዞ ወደ ኪርያት ጋት ለሠርግ የሚሄደውን ቤተሰብ ያሰበ አልነበረም።

እዚህች ላይ ስለ ስም ጥቂት እንበል። በኢትዮጵያ የጠንካራ መኪና ስም ቶዮታ ነበር። እዚህ ግን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የዓረብ አገሮችን ማዕቀብ ፈርተው ብዙዎቹ የጃፓን ኩባንያዎች ለእስራኤል ስላልሸጡ፣ መንገዱን የሞላው ሱባሩ ነበር። ቶዮታ የገባው በ1991 ገደማ፣ የዘመቻ ሰሎሞን ተጓዦች በመጡበት ጊዜ ነው። አባቶች ዛሬም ኪራይ ቤት ሲገቡ «ቶዮታ የለም ወይ?» የሚሉት የድሮውን ላንድ ክሩዘር አስበው ነው፤ የሚሰጣቸው ቶዮታ ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ የከተማ መኪና ነው።

ታዲያ ዛሬ የሚወደደው የትኛው ነው? ከቤተሰቦች እንደምንሰማው አውቶማቲክ ማርሽ ያለው ባለ ሰባት ወንበር መኪና ቀዳሚ ነው። በአውቶማቲክ መኪና ተፈትኖ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው በእጅ ማርሽ መንዳት እንደማይፈቀድለትም አትርሱ። ባለ ሰባት ወንበሩም ቢሆን ነውር አለበት፤ ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶችም ወደዚያ መግባት አይችሉም። የሚጠላው በርካሽነቱ የሚመረጠው ትንሹ መኪና ነው። ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል፤ አምስት ጎልማሳ ጭኖ ከታች ከተማ ወደ ካርሜል ሲወጣ ግን ሞተሩ ያቃስታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ስምንት ሰው የተጫነበት ባለ አምስት ወንበሩ ነው። እዚህ አገር እያንዳንዱ ተሳፋሪ የራሱ ወንበርና ቀበቶ ሊኖረው ግዴታ ነው። በእናቱ ጭን ላይ ያለ ሕፃን ድንገት ፍሬን ሲያዝ በክንድ አይያዝም፤ ለሕፃን የልጅ ወንበር አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አብዝተን የምንጨነቀው ግን በውሉ ነው። ኪራይ ቤቱ «ካርቲስ አሽራይ» ይጠይቃል፣ ወላጆች ብዙ ጊዜ የላቸውም፤ ስለዚህ በቅርቡ ከሠራዊት የተመለሰው ልጅ ወይም ሥራ የጀመረችው ልጅ ትፈርማለች። በጉዞው ላይ መሪውን አጎት ይይዘዋል፣ ሲደክመው ለወንድሙ ይሰጣል። ስሙ በውሉ ላይ ያልተጻፈ ሰው ሲነዳ አደጋ ቢደርስ የመኪናው ጉዳት ዕዳ ወደ ፈራሚው ልጅ ሊዞር ይችላል። አጎትን «ስምህ የለም፣ አትነዳም» ማለት በእኛ ባህል ለልጅ ከባድ ነው። ስለዚህ ነገሩን ወላጆች አስቀድመው ቢናገሩት፣ የሚነዱት ሰዎች ስምም ከመነሻው በውሉ ላይ ቢጻፍ ልጁ ከሁለት እሳት ይድናል። በመድኅኑ ውስጥ «ሂሽታትፉት ዓጽሚት» የሚል ቃል አለ፤ አደጋ ቢደርስ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ድርሻ ነው፣ ልኩን ሳታውቁ አትፈርሙ። ከ2010 ጀምሮ የተከፈተው የካርሜል ዋሻና መንገድ ቁጥር 6 ክፍያ አላቸው፤ ኪራይ ቤቱም ብዙውን ጊዜ የራሱን ጭማሪ ያክልበታል። ብዙዎቹ ቢሮዎች ቅዳሜ ዝግ ስለሆኑ ዓርብ የተወሰደ መኪና እስከ እሑድ ይታሰባል።

አንድ መኪና ግን ሲታማ ሰምተን አናውቅም፤ እሱም በጋራ የምንከራየው አውቶቡስ ነው። ስግድ በ2008 በሕግ የመንግሥት በዓል ከመሆኑ አስቀድሞም ከየከተማው ወደ ኢየሩሳሌም በአውቶቡስ ይኬድ ነበር። ሾፌሩ ከነመድኅኑ ይመጣል፣ ማንም ልጅ ዕዳ አይፈርምም፣ ወጪውም ለነፍስ ወከፍ ይካፈላል። የፊተኞቹ ወንበሮች ለቄሶችና ለሽማግሌዎች ይለቀቃሉ፣ ወጣቶች ከኋላ ይዘፍናሉ። ለሠርግም ለለቅሶም ሦስትና አራት ቤተሰብ ተባብሮ ሚኒባስ ከነሾፌሩ መያዝ ይችላል።

ትንሿን መኪና ለመከራየት የወሰነ ቤተሰብ ካለ ውሉን ሳይፈርም ይዞልን ይምጣ፤ ዕብራይስጡን አብረን እናነበዋለን።