የፒክአፕ ካሶኒ ልባስ

የፒክአፕ ካሶኒ ልባስ የመኪናውን የጭነት ወለልና ግድግዳ ከጭረት፣ ከመሰርጎድና ከዝገት የሚከላከል ሽፋን ነው። ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው አሰላና በአርሲ ደጋ፣ ፒክአፕ ስንዴ፣ የቢራ ገብስና ማዳበሪያ ያመላልሳል። ላሜራን አብዝቶ የሚጎዳው ማዳበሪያ ነው፤ ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሰ ዩሪያ ወይም ኤንፒኤስ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ቀለሙ በተላጠበት ቦታ የሚቋጥረው ጨዋማ ውኃም ዝገትን ያፋጥናል።

ዓይነቶች

ተገጣሚ ፕላስቲክ፦ ምት ይችላል። ሆኖም ከሥሩ የሚገባው ውኃና አሸዋ በኮረኮንች መንገድ ንዝረት ቀለሙን ይፍቀዋል።

የሚረጭ ልባስ፦ ፖሊዩሬቴን ወይም ፖሊዩሪያ ከላሜራው ጋር ተጣብቆ ውኃ ይከላከላል። ዝገቱ በደንብ ሳይፋቅ ከተረጨ ግን ይላጣል።

የጎማ ምንጣፍ፦ ጭነት እንዳይንሸራተት ይይዛል፤ አንስቶ ማጠብም ቀላል ነው። ግድግዳውን ግን አይሸፍንም።

አመራረጥ

ማዳበሪያ አዘውትሮ ለሚጭን የሚረጨው ይመረጣል፤ በጆንያ እህል ብቻ ለሚያመላልስ የጎማ ምንጣፍ ይበቃል። የትኛውም ቢመረጥ የካሶኒው የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች መደፈን የለባቸውም፤ ማዳበሪያ ከተራገፈ በኋላም ካሶኒው በዚያው ዕለት በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለበት።