ባለ ቀይ ቆቧን ልጅ ማን አዳናት?

ተረት ሕፃናትን ከማስተኛት በቀር ሌላ ጥቅም የለውም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን አንዱን ተረት ከዘመን ወደ ዘመን ብንከተለው የየዘመኑን አሳብ ይገልጥልናል እንላለን። ለዚህም በአውሮፓ እጅግ የታወቀውን የባለ ቀይ ቆቧን ልጅና የተኩላውን ተረት እንመልከት።

ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ይህን ተረት ያሳተመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1697 ነው። ልጅቱ ለታመመች አያቷ ምግብ ይዛ ስትሄድ ተኩላው በጫካ ያገኛታል፤ ቀድሟትም አያቲቱን ይበላና በአልጋዋ ተኝቶ ይጠብቃታል። በፔሮ ድርሰት የሚደርስላት የለም፤ ተበልታ ትቀራለች። ደራሲውም ቆነጃጅት በአፈ ጮሌ እንዳይታለሉ ይመክራል።

በ1812 ጀርመናውያን ወንድማማች ያኮብና ቪልሄልም ግሪም ባሳተሙት ግን አንድ አዳኝ ይደርሳል፤ የተኩላውን ሆድ በመቀስ ቀዶ ሁለቱንም በሕይወት ያወጣቸዋል።

ከዚያ ወዲህ የተነሡ ደራስያን ልጅቱን ሌላ ሰው እንዲያድናት አልፈለጉም። አሜሪካዊው ጄምስ ተርበር በ1939 በጻፈው አጭር ተረት ልጅቱ ተኩላውን ለይታ ታውቀዋለች፤ ከቅርጫቷም ሽጉጥ አውጥታ ትገድለዋለች። እንግሊዛዊቱ አንጀላ ካርተር በ1979 ባሳተመችው ልብ ወለድ ደግሞ ልጅቱ በአውሬው ዛቻ ትስቃለች እንጂ አትፈራም፤ በሰላምም ታድራለች።

እነዚህ ደራስያን ጥንታዊውን ተረት አበላሹትን? አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ኒየቭር በተባለው የፈረንሳይ ክፍል ከባላገር አፍ በተጻፈው ተረት፥ ልጅቱ ለጉዳይ ወደ ውጭ ልውጣ ብላ አውሬውን ትለምነዋለች። እንዳታመልጥም እግሯን በክር ያስራታል፤ እርስዋ ግን ክሩን ፈትታ ከዛፍ ጋር ታስረውና ወደ ቤቷ ትሮጣለች። ስለዚህ የልጅቱ ብልሃት የኋላ ደራስያን ፈጠራ ብቻ አይደለም፤ በሕዝብም አፍ ይነገር ነበር። ታላላቆቹ መጻሕፍት ግን አንዱ ለተኩላው፥ ሌላው ለአዳኙ ሰጧት።

ከዚህ የምንማረው አለ። በአገራችን ተረት ነጋሪ ሲጨርስ ተረቱ እንዲመለስለት ይጠይቃል። እኛም የአያቶቻችንን ተረት አዲስ ድርሰት ልናደርገው ስንነሣ፥ አስቀድመን የሰማነውን በሰማንበት ቃል እንጻፈው፤ ከዚያ በኋላ የሚለውጠው ይለውጠው። አለዚያ የታተመው ብቻ ጥንታዊ ይባላል፤ የልጅቱም ብልሃት ይረሳል።